የሀሚድ ሜዳ

ሐይቅ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ሀሚድ፣
ሻርጃ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ሪዝቅዎን ያስፋው፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርዎ። እኛ ከክረምቱ መበርታት በስተቀር አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። ሐይቁም ደህና ነው፤ ዘንድሮ ሞልቶ ከጎረቤቶቻችን ማሳ ጥግ ደርሷል።

ሂዳያ እባላለሁ። የአክስትዎ ልጅ የመስኡዳ ልጅ ነኝ። እርስዎ አያውቁኝም፤ እኔ ግን ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ አውቅዎታለሁ። ቤታችን ግድግዳ ላይ ፎቶዎ አለ። ከአንድ ቀይ ፈረስ ጎን ቆመዋል፤ እርስዎ ፈረሱን ያያሉ፣ ፈረሱ ካሜራውን ያያል።

ዘንድሮ በሲቪል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። ከተመረቅሁ ወዲህ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ያዘመመ አጥር ካየሁ ገብቼ ለባለቤቱ እነግረዋለሁ። እናቴ «ሰው ቤት እየገባሽ አጥር አትንቀፊ፣ በኋላ ስምሽ ይከፋል» ትለኛለች። ከክፍሌ ልጆች ገሚሶቹ ፓስፖርት አውጥተዋል። እኔ መሄድ ሳይሆን መሥራት ነው የምፈልገው። እርስዎ ከምንም ተነሥተው፣ አሮጌውን ቤት አድሰው፣ ባዶውን ቦታ አልምተው ሰው እንደሆኑ ሰምቻለሁ። በአገርዎ አንድ ነገር ለመሥራት ያሰቡ እንደሆነ እኔ አለሁ። ደመወዝ አልጠይቅም። (ይህቺን እናቴ «ሰርዣት» ብላኛለች፤ ግን ወረቀቱ አልቋል፣ እንዳለች ትሂድ።)

በወረቀት የጻፍሁት ኢንተርኔቱ መጣ ሄደ ስለሚል ነው። ደግሞም እናቴ «ሀሚድ ስልክ አይወድም፣ የተጻፈ ነገር ግን ሁለት ጊዜ ያነባል» ብላኛለች። እዚያው እናንተ ሰፈር የምትሠራው ዙለይሃ ከዕረፍቷ ልትመለስ ስለሆነ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ።

ዱዓዎ አይለየኝ።

ለሥራ የቸኮለች ልጅዎ፣
ሂዳያ


ሻርጃ፣ ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሂዳያ፣

ወዐለይኩም ሰላም። መስኡዳንና ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም በዪልኝ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሙቀቱ ፈረስ ከሱብሒ በፊት ካልሆነ በቀር የማይወጣበት ነው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ደመወዝ አልጠይቅም ያልሽውን ሦስተኛም አነበብሁት። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ቤት አያሠራም፤ አናጢው ሁሉ ይጫወትበታል። ሁለተኛ እንዳትጽፊው።

ሥራ አለ። አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ መንገድ ወረድ ብሎ፣ ጨፌው የሚሉት ሜዳ አለ። ሜዳው የኔ ነው። ቤት ልሠራበት አስቤያለሁ፤ ሰፊ በረንዳ ያላቸው፣ ከዓረብ አገር ተመልሶ ለሚያርፍ ሰው የሚሆኑ ቤቶች። ሄደሽ ለኪው። ተዳፋቱን እዪ፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ እዪ፣ አፈሩን ቆፍረሽ እዪ። የመሬት ጉዳይ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ነው?» ብሎ ነውና የአካባቢውን ሰው ጠይቂ። የሚሉሽን ጻፊልኝ።

ሥራሽ ከጣመኝ የቤቶቹ መሐንዲስ አንቺ ነሽ።

ፎቶው ላይ ያለው ቀይ ፈረስ የኔ አልነበረም። እኔ ነበርሁ የእሱ። ጋጣውን የምጠርገው እኔ ነበርሁ።

ሀሚድ


ሐይቅ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ ሀሚድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንኳን አዲሱን ዓመት በሰላም አሳየዎ፤ የሚሠሩበት፣ የሚያገቡበት... ይቅርታ፣ ይህ ለኔ ዕድሜ የሚመረቅ ነው። የሚሠሩበት ዓመት ያድርግልዎ።

ሄድሁ! ሦስት ጊዜ ተመላለስሁ። ከዋናው መንገድ እስከ ሜዳው የወሰደኝ አራጋው የሚባል ባለ ጋሪ ነው። አሸዋና ድንጋይ ወደ ውስጥ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ፈረሱ «ግብር» ይባላል። «ምነው ስም አጣህለት?» ብለው «እሱን አብልቶ የሚተርፍ ነገር ታውቂያለሽ?» አለኝ።

ሜዳው በቃላት አይገለጽም፣ ግን ልሞክር። ፊቱን ወደ አምባሰል ተራራ አድርጎ የተኛ ነው። ተዳፋቱ ትንሽ፣ ውሃው ወደ ምሥራቅ ጥግ የሚወርድ። አንድ የገረመኝ ነገር፣ መሃሉን ከትልቁ ሾላ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ ቀጥ ብሎ እንደ መንገድ የጠነከረ መሬት አለ፣ ሣሩም አጠር ያለ ነው። የከብት መሄጃ ይሆናል። ለመሠረት ግን ከዚያ የተሻለ የለም።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ጠየቅሁ። ወተት ይዘው ገበያ የሚወርዱ ሴቶች አገኘሁና «ይህ ሜዳ የማን ነው?» አልኋቸው። በአንድ አፍ «የሀሚድ!» አሉኝ። ከሾላው ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፤ ጋሽ ዝናው ይባላሉ።

«አባባ፣ ሜዳው የማን ነው?»

«የሀሚድ ነዋ! የማን ሊሆን ኖሯል?»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እንዴ! እኔው ነኝ እኮ በዚህ አፌ ‘ሜዳው ያንተ ነው’ ብዬ ያስረከብሁት። እስላሙም ክርስቲያኑም ሙሉ በቆመበት!»

አጎቴ፣ ወላሂ እንዲህ ያለ ምስክር በሕልሜም አልጠበቅሁ። አራጋው ጋሪው ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ምን ያስቀዋል ብዬ ነበር፤ ሳቂታ ነው መሰለኝ።

ማታውን ቁጭ ብዬ ነደፍሁት። አርባ ቤት ይወጣዋል። በሁለት ረድፍ፣ ጠንካራው መሬት መሃል ላይ መንገድ ሆኖ። ንድፉን አያይዣለሁ። በእጅ የሠራሁት ላፕቶፕ ስለሌለኝ ነው፤ ለሥራው ቢገኝ ጥሩ ነበር። ባይገኝም ግድ የለም። (ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አልጻፍሁትም ብለው ይቁጠሩት።)

ሂዳያ


ሻርጃ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሂዳያ፣

ወዐለይኩም ሰላም። ለእናትሽ ሰላምታ።

ንድፉ ጥሩ ነው። በረንዳዎቹ ጠበዋል፤ ከዓረብ አገር የሚመለስ ሰው ሲተኛ የኖረው በጠባብ ክፍል ነው፣ አንዴ አገሩ ከገባ ውጭ መቀመጥ ይፈልጋል። አስፊያቸው። የመንደሩ ስም «ጉራች» ይሁን። ጥቁሩ ፈረሴ ነበር። እሱን ሸጬ ነው በጅቡቲ በኩል የወጣሁት።

ስለ ኑሮዬ እናትሽ ብዙ አጋንና ነግራሽ ይሆናል። አጭር ነው። መጀመሪያ ጋጣ ጠረግሁ። ከዚያ ባለቤቱ ሌላ ቦታ ሲሠራ አሮጌውን ጋጣ በኪራይ ያዝሁና ክፍል ክፍል አድርጌ፣ ኖራ ቀብቼ፣ ለሠራተኞች አከራየሁት። የፈረሱ ሽታ ሁለት ዓመት አልወጣም፤ ማንም ግን አልለቀቀም፣ ርካሽ ነበር። በኋላ ከአገሩ ሰው ጋር ተሻረክሁና አሮጌ ቤት ማደስ ጀመርን። ሌላው ሁሉ የዚያው ድግግሞሽ ነው። ዛሬ የሚሮጡ ሦስት ፈረሶች አሉኝ። ሜዳ ላይ ከሚሰበሰበው ሰው የማልወራረድ እኔ ብቻ ነኝ ይሉኛል። ሐራም ስለሆነ ብቻ አይደለም። ፈረስ ሲሮጥ ሌላ ነገር ማሰብ አልችልም።

ዝናው በሕይወት አለ? ዳማ ፈረስ ነበረው። ሰላም በዪልኝ።

ቃሉን በወረቀት አስፍሪና ያስፈርምበት። «ሜዳው የሀሚድ ነው» ይበል። እሷው ትበቃለች። ሌላ አታስረዝሚው።

ቦታውን ለክተሽ ችካል ትከዪ።

ሀሚድ


ሐይቅ፣ ኅዳር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ሀሚድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ። በጤናዎ እንደሚያገኝዎ ተስፋ አለኝ።

ችካሉን ተከልሁ። ከቤት አንድ እስከ ቤት አርባ በቀይ ቀለም ቁጥር ጽፌ፣ ክር ወጥሬ። አንዲት ሴትዮ ቆም ብላ አየችኝና «የሀሚድ ዘመድ፣ ሜዳውን በክር የምታስሪው እንዳይሄድብሽ ነው?» አለችኝ። አብረዋት ያሉት ተንከተከቱ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ያን ጊዜ ገና ምኑም አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ወረቀቴን ይዤ ወደ ጋሽ ዝናው ሄድሁ። ሰላምታዎን ሳደርስ ደስ ብሏቸው «ጉራቹስ?» ብለው ጠየቁኝ። «ሸጦታል» አልኋቸው። ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ። ከዚያ «በይ ጻፊ» አሉኝ።

«ሜዳው የሀሚድ ነው...»

ጻፍሁ።

«...እስኪቀደም።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። «አባባ፣ እስኪቀደም ማለት?»

«እስኪቀደም ነዋ! ሌላ እስኪቀድመው። አንቺ ልጅ፣ በጥር እህል ከገባ በኋላ ከዚህ ሾላ ሥር ተነሥቶ ጉልቢያ የምንለው የፈረስ እሽቅድምድም ነበር። የቀደመውን ሰው ያምናው ባለ ሜዳ ሻሹን ይዞ ይጠብቀውና ‘ሜዳው ያንተ ነው’ ይለዋል። ፈረሱ ዓመቱን ሙሉ ያለ ከልካይ ይግጣል፣ እሱም ሽማግሌ መሃል ገብቶ ይቀመጣል። እኔ ሁለት ዓመት የኔ ነበር። በሰባ ዘጠኝ የናንተ ሰውዬ መጣና በዚያ ሰይጣን ፈረሱ አፈር አስጋጠኝ። ሰጠሁት። በዓመቱ ጦርነቱ በረታ፣ ፈረሱ አለቀ፣ ሀሚድም ወጣ። ማን ይቀድመው? እንዲሁ የእሱ እንደሆነ ቀረ። አሁንም የእሱ ነው። አልቀደምነውማ!»

ሳቃቸው ወደ ሳል ተቀየረ። እኔ አርባ ችካል ተክዬ ቆሜያለሁ። ያ ጠንካራው መሬትም የከብት መሄጃ እንዳልሆነ ገባኝ። አራጋው ለምን ይስቅ እንደነበርም ገባኝ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እኔ እየዞርሁ «የማን ነው? የማን ነው?» ስል ሰዉ ማውራት ጀምሯል። አሁን ዘንድሮ በጥር ጉልቢያው ይነሣ እየተባለ ነው። ከዓረብ አገር የተመለሱት ልጆች ለሠርግ ብለው ፈረስ ገዝተዋል። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ባለ ሜዳው ካልቆመ ርክክብ የለም። እሱ ከሌለ ዘመዱ ይቆማል ይላሉ። ዘመዱ ደግሞ እኔ ነኝ። «ሻሽሽን ይዘሽ መቆም ነው፣ ሌላ ምን አለው?» ይሉኛል።

ምን እንደምላቸው ይንገሩኝ። አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅዎ፤ ይህን ያውቁ ነበር?

ሂዳያ


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአጎቴ ሀሚድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። በመንገደኛ የላክሁትን ደብዳቤ ዙለይሃ ተቀብላ በእጅዎ እንደሰጠችዎ በድምፅ መልእክት ነግራኛለች። ሁለት ጊዜ እንዳነበቡትም ነግራኛለች። መልስ አልመጣም። እዚህ ደህና ነን። ጤፉ ተወቅቷል።

ሂዳያ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሂዳያ፣

ሰላም።

አውቅ ነበር። ዝናው ያለሽ ሁሉ ልክ ነው።

አንቺ ግን ይህን አስቢ። እዚህ አገር ብዙ የቤት ወረቀት በእጄ አልፏል። አንዱም ከሥሩ «እስኪ» የሌለው አላየሁም። ሰውየው እስኪሞት፣ ልጆቹ እስኪጣሉ፣ ሹሙ እስኪለወጥ። እዚያ አገር ስሜ አንድ ሜዳ ላይ ወረቀት ሳይኖረው ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል፤ ሲጠየቁ ሳይመካከሩ «የሀሚድ ነው» ያሉሽም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ይዞታ ያለው ሰው ሌላ አላውቅም። በፈረሴ ያገኘሁት ነው። በገንዘቤ ያገኘሁት ሌላው ሁሉ ነው።

በጥር አትቁሚ። አንቺ ካልቆምሽ ርክክብ የለም፣ ቢሮጡም ተራ ግልቢያ ነው። ከየካቲት አንድ ጀምሮ የቤቶቹ መሐንዲስ አድርጌ እቀጥርሻለሁ። ላፕቶፑ ተገዝቷል፤ ዙለይሃ ዘንድ ተቀምጧል።

ሥራ ነው የምፈልገው ብለሽ ነበር የጻፍሽልኝ።

ሀሚድ


ሐይቅ፣ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ሀሚድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከዚህ ደብዳቤ በኋላም ጤናዎን እንዳለ ያቆይልኝ።

ቆምሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ካልፈለጉ አያንብቡት፤ ግን እርስዎ ሁለት ጊዜ የሚያነቡ ሰው ነዎትና እንዳለ እጽፈዋለሁ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ አልቆምም ብዬ ወስኜ ነበር። እናቴም «የሰጠሽን እጅ አትንከሺ» ብላኛለች። ዓርብ ዕለት ክሩን ላጥብቅ ብዬ ሜዳው ላይ ወጣሁ። ቤት አንድ ጋ ቆምሁ፣ ቤት ሁለት ጋ ቆምሁ። ነገ አንድ ሰው እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ መንገደኛ «የማን ቤት ነው?» ቢለው ምን ሊል ነው? የሀሚድ፣ እስኪቀደም? አጎቴ፣ አምስት ዓመት የተማርሁት መሠረት ነው። ወረቀቱ ሁሉ «እስኪ» አለው ያሉት እውነት ይሆናል። ሰው ሾላ ሥር ተቀምጦ ጥር እስኪመጣ እየቆጠረ የሚጠብቀው «እስኪ» ላይ ግን ሲሚንቶ ማፍሰስ አልቻልሁም። ሌላም ምክንያት አለኝ፣ አልደብቅዎትም፤ ጉልቢያውን ማየት ፈልጌ ነበር። ችካሎቹን ነቀልሁ።

ቅዳሜ ሰዉ ከየአቅጣጫው መጣ። ከሐይቅ እስጢፋኖስ የመጡ ሁለት የቆሎ ተማሪዎች ሾላው ላይ ወጥተው ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱም ባረኩ። ዘጠኝ ፈረስ ተሰለፈ። ስምንቱ ባለ ጌጥ ኮርቻ፣ የሠርግ ፈረሶች። ዘጠነኛው ግብር ነው፤ አራጋው ከጋሪው ፈትቶ፣ ጀርባው ላይ የስንዴ ጆንያ አጥፎ አስሮ። ሰዉ «ግብር መጣ፣ ከፈላችሁ?» እያለ በሳቅ ሞተ። አንዱ የዓረብ አገር ተመላሽ «አያ አራጋው፣ ጋሪውን ረሳኸው፣ በኋላ ምን ላይ ልታርፍ ነው?» አለው። አራጋው «አንተን ላሳርፍህ ነው የመጣሁት» አለ።

እኔ ታች ጫፍ ላይ ነጩን ሻሼን ይዤ ቆሜያለሁ። ጋሽ ዝናው ከጎኔ ናቸው። ሲነሡ የመሬቱ ንዝረት እስከ ጫማዬ ሥር መጣ። መጀመሪያ ግብር ኋላ ነበር። ከዚያ ሴቶቹ እልል ሲሉ የሠርግ ፈረሶቹ ደነበሩ፤ ሁለቱ ወደ ጎን ወጡ፣ አንዱ ጌታውን ጥሎ ወደ ሾላው ተመለሰ። ግብር ግን ዕድሜውን በሙሉ የባጃጅና የሲኖትራክ ጡሩንባ ሲሰማ የኖረ ነው፤ እልልታ ምን ይለዋል? ቀጥ ብሎ መጣ። አሁንም አሁንም ወደ ኋላ ይገላመጣል፤ ጋሪው የት እንደጠፋ የሚፈልግ ይመስል ነበር። ባጣው ቁጥር ይፈጥናል። ከፊቱ የቀረውን የመጨረሻ ባለ ኮርቻ እኔ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አለፈው።

አራጋው ወርዶ ፊቴ ቆመ። ጋሽ ዝናው በክርናቸው ነካ አድርገው «በይ እንጂ፣ እኔ ስለው እንኳ እንዲህ አልከበደኝም!» አሉኝ። ሻሼን ትከሻው ላይ አደረግሁና «ሜዳው ያንተ ነው» አልሁት።

አራጋው ዞር ዞር አለና ሣር ውስጥ ረስቼው የቀረ አንድ ችካል አገኘ፤ ቁጥር 17። አነሳና አየው። በድንጋይ መልሶ ተከለውና ግብርን አሰረበት።

የቅጥሩን ነገር አልጠብቅም። ላፕቶፑም እዚያው ይቆይ። ዘንድሮ ሥራ ፈልጌ ካጣሁ አጥር መንቀፌን እቀጥላለሁ።

ከተናደዱብኝ አውፍ ይበሉኝ።

ሂዳያ


ሻርጃ፣ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሂዳያ፣

ወዐለይኩም ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ረመዳን ሙባረክ። ለመስኡዳ፣ ለዝናው ሰላምታዬን አድርሺ።

ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አልነግርሽም። ብዙ ነገር አጉድለሽበታል። ፈረሱ ስንት ዓመቱ ነው? ጥርሱን ያየ ሰው አለ? ሲነሣ በየትኛው እግሩ ነው የሚቀድመው? አራጋው አንገቱ ላይ ተኝቶ ነው የጋለበው ወይስ ቀጥ ብሎ? ሩጫው ሲያበቃ ጎኑ ይመታ ነበር? ላቡ ከየት ጀመረ? ከዚያ ቀን በፊት ጋሪ ጎትቶ ነበር ወይስ አርፎ? ገብስ ይበላል ወይስ ሣር ብቻ? «ቀጥ ብሎ መጣ» ማለት ምን ማለት ነው? ሁሉም ፈረስ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ይመስላል፣ ከፊት ለቆመ ሰው።

ይሸጣል?

አይደለም፣ ይህን ተዪው። የሜዳ ባለቤት ፈረሱን አይሸጥም። አንድ ጊዜ የሸጠ ሰው አውቃለሁ።

ትናንት እዚህ የኔ ፈረስ ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። ሰዎቹ ሲያጽናኑኝ ያ ጆንያ የታሰረለት የጋሪ ፈረስ ትዝ አለኝና ሳቅሁ። የታመምሁ መሰላቸው።

የቤቶቹ ነገር ቀርቷል። ንድፉን አስቀምጪው፤ በረንዳው አሁንም ጠባብ ነው።

ሌላ ሥራ አለ። ከሜዳው በላይ፣ የዝናውን አጥር ተጠግቶ የአባቴ ግቢ አለ። እሱ የአባቴ ነው፣ ጋልቦ የሚወስደው የለም፣ አጣርቻለሁ። እዚያ ጋጣ ሥሪልኝ። ለአንድ ፈረስ። ወለሉ ውሃ የማያቁር፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በሩ ወደ ሜዳው። ጋጣ ከሁሉ በላይ የማውቀው ቤት ነውና ብታበላሺው አያለሁ። በነሐሴ እመጣለሁ። እስከ ጥር አምስት ወር አለኝ። ማን ሊጋልበው ነው ብለሽ ሐኪሜን እንዳትጠይቂ።

ደመወዝሽን ራስሽ ተናገሪ። የመጀመሪያው ፈተናሽ ይኸው ነው።

ለአራጋው እንዳትነግሪው።

ሀሚድ


ሐይቅ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ሀሚድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጉልበትዎን ያበርታው፤ በተለይ ጉልበትዎን።

ደመወዜን በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። እናቴ አይታ «ይሄን ሁሉ!» ብላ ደረቷን መታች። ያኔ ትክክል መሆኑ ገባኝ።

ጋጣው አልቋል። መሠረቱ እስከ ጉልበት ተቆፍሯል፣ ወለሉ ወደ አንድ ጥግ ዘንበል ብሎ ውሃውን ያወጣል፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው። ከበሩ ቆሞ የሚያይ ፈረስ ሾላውን ያያል። ጋሽ ዝናው አጥራቸውን እየተደገፉ ሥራውን ሲጠብቁ ከረሙ። «ጉራች የሚያክል ይገባበታል» ብለዋል።

ዙለይሃ ለዒድ ስትመጣ ዕቃውን አመጣችልኝ። ከባድ ስለነበር ላፕቶፑ ነው ብዬ ከፈትሁት፤ ኮርቻ ነው። ላፕቶፑ ከሥሩ ነበር። ለሁለቱም አመሰግናለሁ፤ አንዱን ግን ምን እንደማደርገው አውቃለሁ።

ለአራጋው እንዳትነግሪው ያሉትን በአማና ጠብቄያለሁ። ችግሩ እዚህ አካባቢ አሸዋ የሚያመላልስ ሌላ ጋሪ የለም። የመጨረሻውን ሲያራግፍ በሩ ጋ ቆመና በሩን አየ፣ ዞሮ ሜዳውን አየ።

«ማን ሊያድርበት ነው?» አለኝ።

«በግ» አልሁት።

«በግ? በዚህ በር?»

«ትልቅ በግ ነው።»

«ከየት አገር የሚመጣ?»

የአሸዋውን ቁልል መለካት ጀመርሁ። አራጋውም ግብርን ከጋሪው ፈታ። ልጓሙን ይዞ ወደ ሜዳው ሊወርድ ሲል «ጋሪውስ?» አልሁት።

«ይቀመጥ» አለኝ። «እስከ ጥር ሸክም የለም።»

ጋሪው እስካሁን ግቢዎ ውስጥ ነው።

መሐንዲስዎ፣
ሂዳያ